የድሮ ብርሌና ክሪስታል ጠላቱ ዕድሜው ነው ወይስ የኛ እጥበት? (ጅማ፣ ቡፌ ላላችሁ ሁሉ)

ሰላም የጅማ ልጆች በያላችሁበት። ጥያቄም ነው አቋምም ነው። ቡፌ ውስጥ የሚቀመጥ የድሮ ብርጭቆ፣ ብርሌ በሉት ክሪስታል በሉት ወርቅ ቅብ ያለው የሻይ ብርጭቆ በሉት፣ ከመሰበር ቀጥሎ ትልቁ ጠላቱ እጥበት ነው እላለሁ። በዓል ሲመጣ ሁሉም ወጥቶ አንድ ሳፋ ውስጥ ይከመራል፣ የፈላ ውሃ ይደፋበታል፣ በድስት ሽቦ ይፈተጋል፣ ከዛ የወርቁ መስመር የት ሄደ እየተባለ ልጆቹ ይወቀሳሉ። ዕቃው ግን ስንት ትውልድ ቆይቶ ነው እኛ እጅ ላይ የሚያልቀው። እኔ ጋ ከአያቴ የመጣ የተወሰነ ዕቃ አለ፣ ሦስት ብርሌ፣ ቅርጽ የተቆረጠበት ከባድ የክሪስታል ጠርሙስ (መክደኛው ተጣብቆ አልከፈት ብሏል)፣ ጥቂት የሻይ ብርጭቆዎች። ከብርሌዎቹ አንዱ ውስጡ ነጭ ጉም ለብሷል፣ ሌላው ደሞ ክረምት ሲገባ ስትነኩት ሳሙና የተቀባ ይመስል ያሙለጨልጫል። ጉሙ ቆሻሻ ነው ወይስ ብርጭቆው ራሱ ነው? ማሙለጭለጩስ ምንድነው? የምታውቁ ምክንያቱን ጨምራችሁ ንገሩኝ፣ እንዲሁ እጠቢው ብቻ አትበሉኝ።

ይሄን ከጻፍኩ በኋላ መልሱ እየበዛ ስለሄደ፣ አሁን ለምትገቡ ሰዎች ማን ምን እንዳለ በራሴ አባባል በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ፣ አስተያየቴንም እዛው እዛው እጨምራለሁ።

መልስ 1 ሰላምታና ምርቃት ነበር፣ ዕቃውን ጠብቀሽ በማቆየትሽ እግዜር ይስጥሽ ካለ በኋላ ፎቶ ካለ ላኪ አለ። ፎቶ ላክሁ።

መልስ 2 የጻፉት ሂርማታ አካባቢ ያደጉ እናት ናቸው፣ እትዬ ብያቸው ነው የመለስኩላቸው። በሳቸው ጊዜ ብርሌ የሚታጠበው በአሸዋና በትንንሽ ጠጠር ነበር፣ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፣ ስለዚህ አሸዋና ውሃ ከትተው በደንብ አንቀጥቅጠው ይደፉታል፣ ከውጭ ደሞ በአመድ ይታሻል። ስንት ሰርግ አጥበናል፣ ምንም አልሆነም፣ የዛሬ ልጆች ነገር ታከብዳላችሁ ነው ሐሳባቸው። መልስ 3 በሳቸው ተስማማ፣ እናቱ ግን በአሸዋ ፈንታ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ትጠቀም እንደነበር ጨመረ።

መልስ 4 ላይ ነው ነገሩ የከረረው። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ ያለ ልጅ ነው፣ ጥሩ አድርጎ አስረዳ። የጥንካሬ መለኪያ አለ፣ ሞስ ይሉታል፣ ከ1 እስከ 10 ነው። ተራ ብርጭቆ 5.5 አካባቢ ነው፣ የአሸዋ ፍሬ ግን 7 ነው፣ ስለዚህ አሸዋ ብርጭቆን ይቧጭራል፣ በዓይን ባይታይም። የእንቁላል ቅርፊት 3 አካባቢ ስለሆነ ቆሻሻውን ያነሳል እንጂ ብርጭቆውን አይነካም፣ የመልስ 3 እናት ከሁላችንም ቀድማ አውቃዋለች አለ። ስለ አመድ ያለው ደሞ እኔን በጣም ነው የገረመኝ። በድሮ ጊዜ የአውሮፓ ብርጭቆ ሠሪዎች አሸዋ ቶሎ እንዲቀልጥላቸው የእንጨት አመድ ይጨምሩበት ነበር፣ ማለት አመድ ውስጥ ያለው ፖታሽ የብርጭቆ ጉልበት የሚሰብር ነገር ነው። እርጥብ አመድ ብርጭቆ ላይ ሲውል ሲያድር በጣም በዝግታም ቢሆን ገጽታውን ይበላዋል። አንድ ጊዜ ታሽቶ ወዲያው ከታጠበ ብዙ አይጎዳም፣ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ያ የምናውቀው የደነዘዘ መልክ ይመጣል። የኔ ብርሌ ጉምም ምናልባት ይሄ ሊሆን ይችላል አለ፣ ግን መጀመሪያ መሞከር ያለበት ነገር አለ፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መልስ 5 እትዬ ናቸው እንደገና። ቅር ብሏቸዋል። ወግ ማዕረግ ያየ ብርሌ በወረቀት ዕውቀት አይለካም፣ እኛ ስናጥብ አንተ አልተወለድክም የሚል መንፈስ ነበረው። ልጁ መልስ 6 ላይ በአክብሮት ነው የመለሰው፣ እማማ የርስዎን ሙያ መናቄ አይደለም፣ ብርሌው የተረፈው በእጅዎ ጥንቃቄ ነው፣ በአሸዋው ምክንያት ግን አይደለም ብሎ አለዘበው። በኔ በኩል እሱ ነው ልክ፣ ግን እሳቸውም የተናገሩት ከልምድ ነውና መናገራቸው ጠቅሞናል።

መልስ 7 ድሮ ሆቴል ውስጥ ብርጭቆ ክፍል የሠራ ሰው ጻፈው፣ ከሁሉም ረጅሙና ለእጅ ሥራ ጠቃሚው ይሄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። ከብረት ወይም ከሴራሚክ መታጠቢያ ይልቅ የላስቲክ ሳፋ ይሻላል፣ ከሥሩ ደሞ የታጠፈ ፎጣ ይነጠፍ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። አንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተገናኝቶ ነው የሚፈነጠቀው። ውሃው ለብ ያለ፣ እጅ የሚችለው፣ ላርጎ ጠብታ ብቻ። ዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ ያልሟሟው ፍሬ ይቧጭራል። ወፍራምና ቅርጽ የተቆረጠበት ክሪስታል ከቀጭን ብርጭቆ ይልቅ ሙቅ ውሃ ይፈራል፣ ምክንያቱም ውጩ ሞቆ ሲለጠጥ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ያ መጓተት ይሰነጥቀዋል። ብርሌ ሲያዝ በአንገቱ ሳይሆን ሆዱን በመዳፍ ነው፣ አንገቱ ከሆዱ የሚገናኝበት ቦታ ነው ቶሎ የሚሄደው። ለውስጡ ጥሬ ሩዝና ለብ ያለ የላርጎ ውሃ ከትቶ ቀስ አድርጎ ማዞር፣ ማንቀጥቀጥ አይደለም ማዞር። የሕፃን ጡጦ ብሩሽም ይሆናል፣ ግን ጫፉ ላይ ያለው ሽቦ በጨርቅ ወይም በፕላስተር ይሸፈን። ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ፣ ከዛ ፎጣ ላይ ማንጠፍጠፍ፣ ውስጡ እርጥበት ይዞ ቡፌ እንዳይገባ። ሲቀመጥ ደሞ አፉን ወደ ላይ፣ በአፉ ደፍቶ ማስቀመጥ የለመድነው ለአቧራ ብለን ነው፣ የብርጭቆ ደካማው ቦታ ግን ከንፈሩ ነው፣ ክብደቱን በሙሉ እሱ ላይ መጫን አይገባም። አንዱን ብርጭቆ አንዱ ውስጥ መደራረብም አይሆንም፣ ይጣበቃል። ከተጣበቀ ግን አይጎተትም፣ ውስጠኛው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጎ ውጪኛውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ አንዱ ሲኮማተር አንዱ ሲለጠጥ በራሱ ይላቀቃል።

መልስ 8 ስለ ወርቅ ቅብ ጠየቀች፣ እንደኔ የሻይ ብርጭቆ አላት። መልስ 9 የመለሰላት አጭርና ግልጽ ነው፦ ወርቅ ባለበት ሎሚ የለም፣ አቼቶ የለም፣ በረኪና የለም፣ ስፖንጁ ሻካራ ጎን የለም፣ መዘፍዘፍ የለም። ወርቁ ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠነ ስለሆነ በፎጣ ደጋግሞ መወልወል ራሱ ይጨርሰዋል፣ በጨርቅ ነካ ነካ እያደረጉ ማድረቅ ብቻ። አበባ የተሳለበት ከሆነ ደሞ ሥዕሉ በእሳት ያልተጠበሰ ሊሆን ይችላል፣ በእርጥብ ጥጥ የማይታይ ጥግ ላይ ነካ አድርጎ ቀለም ከያዘ ውሃ ጭራሽ አይንካው።

ከዚህ በኋላ ከ10 እስከ 14 ያለው ከርዕሱ ወጣ፣ ግን ደስ የሚል አወጣጥ ነው። አንዱ ብርሌው ውስጥ ምን ነበረ ብሎ ጠየቀ፣ ጠጅ ነው ካልኩ በኋላ ጌሾና ማር ላይ ክርክር ተነሳ፣ የጫካ ማር ነው የወረዳ ማር ነው ተባባሉ። አንዷ እህት የሰፈሯን ነገር አስታወሰች፣ ሰርግ ሲሆን ለክርስቲያኑ ጠጅ ለሙስሊሙ ጎረቤት ብርዝ፣ ሁለቱም በብርሌ ይቀርብ ነበር፣ ብርሌዎቹ ግን ተለይተው ነው የሚታጠቡትም የሚቀመጡትም፣ የብርዙ አንገት ላይ ቀጭን ክር ይታሰርበታል። ጎረቤት ተዋውሶ ሲመልስም ክሩ እንዳለ ነው። ሌላው ደሞ አሁን ቡናው ሲጨስ ቡፌው ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት አለና ሳያስበው ወደ ርዕሳችን መለሰን። እውነቱን ነው፣ ከሰልና ዕጣን በየቀኑ በሚጨስበት ሳሎን ውስጥ ብርጭቆ ላይ የሚቀመጠው ተራ አቧራ አይደለም፣ ቅባት ያለው ጭስ ነው፣ በደረቅ ጨርቅ ስትወለውሉት ይለጠፋል እንጂ አይለቅም። ለብ ባለ ውሃና ላርጎ፣ ውሃ መንካት ለሌለበት ደሞ ትንሽ አልኮል በጥጥ፣ ቀለምና ወርቅ በሌለበት ቦታ ብቻ።

መልስ 15 ጉሙን መለየት የሚቻልበትን መንገድ ሰጠን። እርጥብ ስታደርጊው ጉሙ ይጠፋል ወይ፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይመጣል ወይ? ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም አዎ ነው አልኩ። እንደዛ ከሆነ ወይ የውሃ ጨው ነው ወይ ገጽታው ተበልቷል፣ የሚለየው አሲድ ነው። ውሃ እየደረቀ የሚተወው ነጭ ነገር ካልሲየም ነው፣ አቼቶ ያሟሟዋል። ስለዚህ አቼቶን በእኩል ውሃ ቀጥኖ ብርሌው ውስጥ ጥቂት ሰዓት ማቆየት፣ በሩዝ ማዞር፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ከጠራ ቆሻሻ ነበር ማለት ነው። ካልጠራ ብርጭቆው ራሱ ነው፣ ያንን የሚያወጣ ሳሙና የለም፣ ዓለም ላይ የለም፣ ያለው መፍትሔ ገጽታውን በማሽን መሞረድና ማለስለስ ብቻ ነው፣ ያ ደሞ ከዕቃው ሥጋ መቀነስ ነው። እንዳለው አደረግሁ፣ ከታች በኩል ያለው ጉም ጠራ፣ ሆዱ አካባቢ ያለው ክብ ክብ ቀረ። ስለዚህ ግማሹ የውሃ ጨው፣ ግማሹ የተበላ ገጽታ ነበር። የቀረውን እንዳለ ትቼዋለሁ፣ እንዲተውም እመክራለሁ።

መልስ 16 በጥርስ ሳሙና ፈትጊው አለ። ሦስት ሰው ተከታትሎ ወረደበት፣ ከነሱ አንዱ (መልስ 18) ትንሽ አበዛው፣ ሰው ዝም ብሎ የሰማውን የሚለጥፍ ከሆነ ዝም ቢል ይሻላል ዓይነት ነገር። የጥርስ ሳሙና መፋቂያ ዱቄት አለው፣ ልክ ነው አይሆንም፣ ግን ልጁም የመጣው ሊረዳ ነው።

ማሙለጭለጩን የፈታው ያው የኬሚስትሪው ልጅ ነው፣ መልስ 20። ይሄን ጅማ ውስጥ ዕቃ ያለው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ብርጭቆ ሲሠራ ሶዳ ወይም ፖታሽ (አሸዋውን የሚያቀልጡት) በዝቶ ኖራ (የሚያጸናው) ካነሰበት አይጸናም። እርጥበት አየር ውስጥ ሲቀመጥ ውሃው ሶዳውን ከውስጥ ወደ ገጽታው እየሳበ ያወጣዋል፣ ያ የወጣው ነገር ደሞ ራሱ እርጥበት ይስባል፣ ስለዚህ ብርጭቆው ያለቀሰ ይመስል ላብ ያወጣል፣ ያሙለጨልጫል። ዝም ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ናቸው፣ ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ በስንጥቅ መረብ ይሸፈናል፣ ያን ጊዜ መመለሻ የለውም። ጅማ ደሞ እናውቃታለን፣ ዝናቧ የበዛ አገር ናት፣ ክረምት ላይ ጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ ሻጋታ የሚያበቅልባት ከተማ ውስጥ ብርሌ ዝግ ቡፌ ውስጥ ምን እንደሚሆን መገመት ነው። የሚደረገው፣ ለብ ባለ ውሃ ላቡን ማጠብ፣ መጨረሻ ላይ በተጣራ ውሃ (የባትሪ ውሃ የሚባለው፣ አሲዱ ሳይሆን ውሃው) ማለቅለቅ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዛ አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ። ለንደዚህ ዓይነቱ ብርጭቆ ሙዚየሞች የአየሩን እርጥበት 40 በመቶ አካባቢ ነው የሚያደርጉት። በጣም ማድረቅም ይሰነጥቀዋል፣ አንድ ቀን ፀሐይ አንድ ቀን ጭጋግ ማድረግ ደሞ ከሁሉም የከፋ ነው። አንድ ነገር ጨመረ፦ የእንጨት ቡፌ ራሱ የአሲድ ትነት ያወጣል፣ በተለይ አዲስ እንጨትና ሙጫ፣ ዝግ ሲሆን ያ ትነት ብርጭቆው ላይ ያርፋል። ስለዚህ የቡፌውን በር በቀን ትንሽ ከፈት አድርጉት። እኔ ያሙለጨለጨውን ብርሌ ከቡፌ አውጥቼ ከኩሽናው ራቅ ያለ ክፍት መደርደሪያ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ከሥሩ የነበረውን ዳንቴልም አነሳሁ፣ ጨርቁ እርጥበት ይዞ ነበር።

መልስ 21 ቡፌው ውስጥ ጨው በሰሃን አስቀምጪ አለች። 22 አይሆንም አላት፣ ጨው ውሃ ስቦ ራሱ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ብርጭቆ ላይ ከነካ ችግር ይጨምራል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ትንንሽ ከረጢቶች ይሻላሉ፣ ሲሞሉ ሙቀት ላይ አድርቆ መልሶ መጠቀም ይቻላል። 23 በጋዜጣ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥስ ብሎ ጠየቀ፣ ጋዜጣ አሲድም አለው እርጥበትም ይይዛል፣ ቀለሙም ይለቃል፣ የታጠበ ነጭ ጨርቅ ይሻላል ተባለ።

መክደኛው! መልስ 24 ይሄን ያህል ሰው ተከራክሮ የተጠየቀውን ረስታችኋል ብሎ አሳቀን። መክደኛው ዙሪያ ዘይት በጠብታ፣ ሌሊቱን ይደር፣ በነጋታው በእንጨት ማንኪያ እጀታ ከግራም ከቀኝም ቀስ ብሎ መታ መታ፣ ካልሆነ እንደገና ዘይት። በኃይል መጠምዘዝ የለም፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ጋ ከጥቂት ቀን በኋላ ተከፈተ።

ከዛ ከ25 እስከ 31 ስለ እርሳስ (መጻፊያው ሳይሆን መርዛማው ብረት) ጦርነት ሆነ። ክሪስታል ውስጥ እርሳስ አለ ብሎ አንዱ ጣሉት አለ፣ ሌላዋ ደነገጠች፣ ልጆቼ ጠጥተውበታል አለች፣ ሦስተኛው የፈረንጅ ወሬ ነው አለ፣ ስድብ አፋፍ ላይ ደረሱ። ያረጋጋው መልስ 29 ነው። እርሳስ አለ፣ ውሸት አይደለም፣ እንግሊዛዊው ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት በ1674 በፈረንጅ ለክሪስታል ብርጭቆው የባለቤትነት መብት ካገኘበት ዘመን ወዲህ ብዙ ክሪስታል በእርሳስ ሲሠራ ኖሯል፣ የአውሮፓ ሕግም ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ካለው ነው የእርሳስ ክሪስታል ብሎ እንዲሸጥ የሚፈቅደው። ክብደቱና ሲነካ የሚሰጠው ረጅም ድምፅ ከዛ ነው የመጣው። አደጋው መጠጥ ውስጡ ሲከርም ነው፣ አረቄም ጠጅም ወይንም ለሳምንትና ለወር ከቆየበት እርሳሱን ይስባል። ለእንግዳ ቀድቶ በዛው ቀን መጨረስና ለወራት ማከማቸት አንድ አይደለም። ለልጅና ለነፍሰ ጡር ግን ጭራሽ አይቀርብበት። በአቼቶም አይዘፍዘፍ፣ ምክንያቱም ያው አሲድ ነው። ድንጋጤዋ የገባት እህት አመሰገነች። እኔም ጠርሙሱን ባዶ ለማየት ብቻ አስቀምጬዋለሁ።

መልስ 32 ዕቃውን እገዛለሁ፣ በውስጥ መስመር አናግሪኝ አለ፣ 33 የሰው ቅርስ በርካሽ ልትሰበስብ ነው ብሎ ተናደደበት። አልሸጥም፣ ነገሩን እዛው ዘጋሁት። ግን 34 ከዚህ ተነስቶ ዕድሜ እንዴት እንደሚታወቅ ጻፈ፣ ጥሩ ነው። ሥሩን ገልብጡ፣ መሐሉ ላይ የተሰበረ እንብርት የመሰለ ሻካራ ጠባሳ ካለ በአፍ የተነፋ፣ በብረት ዘንግ ተይዞ የተሠራ ነው። ጠርሙስ ከሆነ፣ ጎኑ ላይ የቅርጽ ማውጫ መስመር ካለና እስከ ከንፈሩ ጫፍ ከደረሰ ብዙ ጊዜ በማሽን የተሠራ ነው፣ ሙሉ በሙሉ በራሱ የሚሠራውን የጠርሙስ ማሽን ደሞ አሜሪካዊው ማይክል ኦወንስ ያመጣው በ1900ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጅ ነው፣ ስለዚህ አብዛኛው እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከዛ ወዲህ የተሠራ ነው። ፀሐይ ላይ ቆይቶ ወይን ጠጅ ቀለም የያዘ ብርጭቆ ካላችሁ ማንጋኒዝ ያለበት የድሮ ሥራ ሊሆን ይችላል። ቢጫ አረንጓዴ የሆነ ካለ ደሞ ሱቅ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት መብራት ላይ ያዙት፣ ቦግ ያለ አረንጓዴ ካበራ ዩራንየም አለው፣ ለማየት ችግር የለውም፣ አትጠጡበት።

35 ፈረንጅ አራዳ የሚኖር ሰው ነው፣ ከአያቴ የመጣ፣ ከጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው፣ የተረፈ የአበባ ማስቀመጫ አለን፣ ሙራኖ ነው አለ። 36 ትንሽ በሹል አነጋገር የጣሊያን ሁሉ ሙራኖ አይደለም አለው፣ ሙራኖ ቬኒስ አጠገብ ያለች ደሴት ናት፣ በ1291 በፈረንጅ ብርጭቆ ሠሪዎች እሳታቸው ከተማውን እንዳያቃጥል ተብሎ ወደዛ እንዲሄዱ የተደረጉበት፣ ጣሊያን ግን ሌላም ብዙ የብርጭቆ ፋብሪካ አለው። 35 ተቀየመ፣ ፎቶ አልልክም አለ። ቢልክ ጥሩ ነበር፣ ሙራኖ ሆነም አልሆነ የአያቱ ነው። 37 የአባ ጅፋርን ዕቃ ጅማ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ፣ እንዴት እንደተቀመጠ ተማሩ አለ፣ 38 ከዛው ተያይዞ ወደ ጅሬን መንገድ ሄደ፣ ከዛ ስለ ታክሲ ዋጋ ሆነ፣ ዘለልኩት።

መልስ 39 የተሰበረ የብርሌ አንገት በሱፐር ግሉ ለጥፌ ነበር፣ ለምን ተላቀቀ ብሎ ጠየቀ። 40 ብርጭቆ ላይ እርጥበት ሲያገኘው ሱፐር ግሉ አይቆይም፣ ጠርዙም ላይ ነጭ ነገር ይተዋል፣ ሙያተኞች ቀጭን ጥርት ያለ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ነው የሚጠቀሙት፣ የተለጠፈ ብርሌ ግን ለእይታ እንጂ ለመጠጥ አይመለስም፣ አንገቱን ይዘህ አታንሳው ብሎ መለሰለት። ስብርባሪውን ጫፍ ለጫፍ እያጋጠምክ አትሞክር፣ በተጋጨ ቁጥር ጠርዙ ይፈረፈራል፣ እያንዳንዱን ለብቻው በጨርቅ ጠቅልል አለ፣ ይሄን አላውቅም ነበር።

የመጨረሻው ለጊዜው መልስ 41 ነው፣ እትዬ ተመልሰው መጡ። ስለ አሸዋው ምንም አላሉም፣ ስለ ፋኖስ ጠርሙስ ነው የጻፉት። ጥላሸቱ በውሃ ከተነካ ይለጠፋልና መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ወረቀት ወይም በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ማንሳት፣ ከዛ ነው ላርጎ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ውሃ ቀርቶ እርጥብ እጅ እንኳ አይንካው፣ ሲመለስም ጠብታ ውሃ ካለበት እሳቱ ሲያገኘው ይፈነዳል አሉ። የኬሚስትሪው ልጅ ልክ ነዎት እማማ ብሎ ላይክ አድርጎላቸዋል። ላምባ ለቆ የቢጫ ቀለም የያዘ የፋኖስ ጠርሙስ ያላችሁ እዚሁ ጻፉ፣ እሱ ገና መልስ አላገኘም።